ያገላበጥኋቸው ሽማግሌዎች

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ፋሻ መቀቀል ነበር። ከሐኪም ቤቱ ጀርባ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ በሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደ የቤንዚን በርሜል ነበር። ከቁስል የተፈታውን ፋሻ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፣ በሳሙና ማሸት፣ በርሜሉ ውስጥ ማፍላት፣ ገመድ ላይ ማስጣት፣ ሲደርቅ መጠቅለል ነው። ደም የነካው ፋሻ በፈላ ውሃ ከተጀመረ ደሙ ይበስልበታል፤ ከዚያ ወዲያ አይለቅም። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንድ በርሜል ሙሉ አበላሽቼ ነው ያወቅሁት።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ፣ ማርሻሎ የምንለው ጣሊያን፣ የተበላሸውን ፋሻ በበትሩ ጫፍ አንሥቶ አየና በአስተርጓሚው በኩል፣ «ይኼ ሰው ምን ይችላል?» አለ።

«መጻፍ እችላለሁ» አልሁ።

በዚያ ቃል ከበርሜሉ ሥር ተነሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ስሜ አላምረው ነው። ጣሊያን ባሕር ዳር ሲገባ ሃያ ዓመት ግድም ሆኖኝ ነበር። ሐይቁ ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ ቅኔ እማር ነበር። ጉባኤው ሲበተን ከጓደኞቼ ገሚሱ ጫካ ገባ፤ ገሚሱም ወደ አገሩ ሄደ። እኔ ሐኪም ቤት ገባሁ። ለምን ጫካ እንዳልገባሁ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ፈርቼ ነው። ሌላ መልስ የለኝም።

ሐኪም ቤቱ ሁለት ረጃጅም የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩት። አንዱ የወታደሮች ነው። ሁለተኛው ያገሬው ሰው የሚተኛበት ሲሆን ስምንት የብረት አልጋ ነበረው። ከላይ ዶቶሬ የምንለው ጣሊያን ሐኪም አለ፤ ከእሱ ሥር መርፌ ወጊው፣ ከመርፌ ወጊው ሥር ቁስል አጣቢው፣ ከሁሉም በታች ፋሻ ቀቃዩና ጠራጊው። እኔ ዓመት ሳይሞላኝ ቁስል አጣቢ ሆንሁ።

ዶቶሬው ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። አማርኛ ይሞክራል። ቁስል ሲያይ ፊቱን አያጨማድድም፤ በሽተኛውንም ሲነካ እጁን አስቀድሞ በትንፋሹ ያሞቃል። ይህን ያደርግ የነበረ ሰው ነው። ኋላ የሆነውን ስናገር ይህንንም መናገር አለብኝ።

በእነዚያ ስምንት አልጋዎች ላይ የሚተኙት አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ልጆቻቸው ጫካ ገብተዋል፣ ወይም ለመንገድ ሥራ ተወስደዋል፣ ወይም ሞተዋል። ቤት የቀረው ሽማግሌ ይታመምና ይተኛል። የሚያገላብጠው ሰው ስለሌለ ዳሌው ወይም ተረከዙ ይላጣል። የተላጠው ቁስል ይሆናል፤ ቁስሉ አጥንት ይደርሳል። ያን ጊዜ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ያመጣዋል። እኛ ሁለት ሦስት ወር እናጥበዋለን። ሲድን የሚወስደው ሰው አይመጣም። አልጋው ላይ እንደ ተኛ ይቀራል።

ማርሻሎው በሳምንት አንድ ቀን እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ በአልጋዎቹ መካከል ይመላለሳል። ዳቦውን፣ ሾርባውን፣ ፋሻውን፣ አዮዲኑን፣ ማገዶውን ሁሉ ይጽፋል። አንድ ቀን ዶቶሬውን፣ «ይኼ ሐኪም ቤት ነው ወይስ የጦም አዳሪ መጠለያ?» ሲለው አስተርጓሚው እየሳቀ ነገረን።

ዶቶሬው ያን ቀን ጠራኝና አንዲት አሮጊት ዳሌ ላይ ያለውን ቁስል አሳየኝ።

«አላምረው፣ ይኼ ገና ቀይ ሳለ ቤቷ ሄደህ ብታጥበው ኖሮ እዚህ ትመጣ ነበር?»

«አትመጣም ነበር፣ ዶቶሬ።»

«ስለዚህ ሂድ» አለኝ።

ሥራው የተጀመረው እንዲህ ነው። የቆዳ ከረጢት ተሰጠኝ። ውስጡ ፋሻ፣ ጥጥ፣ መቀስ፣ መቆንጠጫ፣ አዮዲን፣ ሳሙና፣ የጨው ከረጢትና አንድ የቆርቆሮ ሳህን ነበረ። ክንዴ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት ነጭ ጨርቅ ታሰረልኝ። ኬላ የሚያሳልፍ ወረቀትም ተጻፈልኝ። አሥራ አራት ቤት ያዝሁ። ገሚሱ ከሐይቁ ዳር የእስላሞቹ መንደር ነው፤ ገሚሱ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ ጥቂቱ ወደ መሸንቲ በሚወስደው መንገድ ላይ።

መጀመሪያ የሄድሁት አያ አደም ዘንድ ነው። አያ አደም ታንኳ ሠሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆመው ታንኳ የሚታሰርበትን ደንገል ሲያጭዱ ኖረው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁስል ወጥቶባቸዋል። በራቸው ላይ ቆሜ ሰላምታ ስሰጥ ክንዴን አዩት።

«ከጣሊያን ቤት ነህ?»

«አዎ፣ አያ አደም።»

«ጣሊያን የእኔ እግር ምን ያደርግለታል?»

«እግርዎን አይፈልገውም። እርስዎ እንዳይተኙበት አልጋውን ነው የሚፈልገው።»

ሳቁ። «ይኼስ እውነት ይመስላል። ግባ።»

ውሃ በጨው አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ አጠብሁላቸው። የሞተውን ሥጋ በመቆንጠጫ እያነሣሁ ቆረጥሁ። ፋሻ ከጣቶች ተጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚታሰረው፤ ከላይ ወደ ታች ከታሰረ እግሩን ያሳብጠዋል። ለባለቤታቸው አሳየኋቸውና ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከእኔ አሳምረው አሰሩት። ደንገሉን ጎረቤት እንዲያጭድላቸው፣ እሳቸው ደረቅ ላይ ተቀምጠው እንዲያስሩ ተስማማን። በአራት ወር ቁስሉ ገጠመ። አያ አደም አንድ ቀን እንኳ የሐኪም ቤቱ አልጋ ላይ አልተኙም።

ከአሥራ አራቱ ቤቶች አንዱ የየኔታ እንዳላማው ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ፣ ኋላም ቅኔ ያስገቡኝ መምህሬ ናቸው። ጉባኤው በተበተነ በመንፈቁ ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለች ጎጆ ተኝተዋል። አጠገባቸው ያሉ አንዲት እማሆይ ውሃና ምግብ ያቀርቡላቸዋል፤ ግን እማሆይም አቅም የላቸውም።

ልብሳቸውን ገልጬ ሳያቸው ቀኝ ዳሌያቸው ቀልቷል፤ መሐሉ መላጥ ጀምሯል። ገና በጊዜው ነበር። አጥቤ ስጨርስ፣

«ቅኔህ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። ምላሳቸው ይከብዳቸው ነበር።

«ረስቼዋለሁ፣ የኔታ።»

«ሁሉንም?»

«ብዙውን።»

በግራ እጃቸው እጄን ዳሰሱና፣ «እጅህ ግን ለስልሷል» አሉ። ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ በቃሬዛ የሚወስዳቸው ቢገኝ ጎናቸው ይፈታ እንደ ሆነም ጠየቁኝ። አይፈታም ማለት አልቻልሁም። መንገዱ ሲከፈት እንወስድዎታለን አልኋቸው።

ዶቶሬው ደብተር እንድይዝ አዘዘኝ። በደብተሩ ላይ አምስት መሥመር አሰመረልኝ፤ ስም፣ መንደር፣ ቁስሉ ያለበት ቦታ፣ የፈጀሁት ፋሻና መድኃኒት፣ በመጨረሻም በሽተኛውን የሚያገላብጠው ማን እንደ ሆነ።

«የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል» አለኝ። «የሚያገላብጠው የሌለውን ወደዚህ እናመጣለን። ያለውን አናመጣም። ስለዚህ በየዕለቱ ማን እንደሚያገላብጠው ጠይቀህ ጻፍ።»

ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። በእግሬ የሄድሁበት ሥራ ሁሉ በዚያች አንዲት ጥያቄ ላይ የቆመ ነበር። አንድን ሽማግሌ ከሁለት ከሦስት ሰዓት በላይ ባንድ ጎን ካስተኛኸው አዮዲኑም ፋሻውም ከንቱ ነው።

አንድ ቅዳሜ የኔታ ዘንድ ስገባ የማገዶ ሸክም በሩ ላይ ወድቋል። ውስጥ አንድ ሰው አልጋው አጠገብ ተንበርክኳል። ቀና ሲል ይስማው ነው፤ የየኔታ ልጅ፣ ባንድ ጉባኤ የተማርን ጓደኛዬ። ጫካ የገባ ነው። ጠጉሩ አድጓል፤ ፊቱ ከስቷል። በቅዳሜ ገበያ ሕዝብ ውስጥ እንደ ማገዶ ሻጭ ሆኖ ይገባ ነበር።

ክንዴ ላይ ያለውን ጨርቅ አየ።

«የእነሱን ከረጢት ተሸከምህ?»

«የምሸከመው አባትህን ለማጠብ ነው።»

 ከረጢቱን አስቀምጬ ሥራዬን ጀመርሁ። ለማገላበጥ አንድ እጅ ከትከሻ ሥር፣ አንድ እጅ ከዳሌ ሥር መግባት አለበት፤ ጎትቶ ሳይሆን አንሥቶ ነው፤ ከተጎተተ ቆዳው ይቀደዳል። ብቻዬን ስታገል ይስማው በዚያኛው በኩል መጣና እጁን ከእጄ አጠገብ አስገባ። አብረን አነሣናቸው። በጉልበታቸው መካከል የገለባ ትራስ እንዴት እንደሚገባ አሳየሁት። አንድ ጊዜ አይቶ ያዘው። በትምህርትም እንዲሁ ነበር።

ሲወጣ ክንዴን ጨበጠኝ።

«ስሜን የትም እንዳትጠራ።»

«አልጠራም» አልሁት።

አልጠራሁም። ሐኪም ቤት ስደርስ በደብተሬ መጨረሻ መሥመር ላይ፣ «በአዘቦት ቀን እማሆይ፣ ቅዳሜ ልጃቸው» ብዬ ጻፍሁ። ስሙን ባለመጻፌ የተጠነቀቅሁ መሰለኝ።

በአዘቦት ቀን እኔ እየሄድሁ እማሆይን አግዛለሁ፤ ይስማውም በየቅዳሜው እየመጣ ድካማቸውን አቀለለ። ቅዳሜ ሳምንቱን የሚያደርስ ውሃ ይቀዳል፤ ገለባውን ይለውጣል፤ አባቱን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ያጥባል። የየኔታ ዳሌ በሁለት ወር ሻረ።

ሥራው ሠመረ። ክረምቱ አልፎ አዲስ ዓመት ሲገባ ከስምንቱ አልጋ ሽማግሌ የተኛበት ሁለቱ ብቻ ነበር። ዳቦው ቀነሰ፤ ማገዶው ቀነሰ፤ በአንድ የመኝታ ቁስል ላይ ሦስት ወር ይፈጅ የነበረው ፋሻ አሁን ለአምስት ቤት ይበቃ ጀመር። ዶቶሬው ለበላዮቹ ራፖር ጻፈ። ሲጽፍ ደስ ብሎት ነበር። «ወጪያችን ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ሰዎቹም ቤታቸው ናቸው» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማርሻሎው ግን አላመነም። ፋሻውን ሸጠነው ይሆናል ብሎ ጠረጠረ መሰለኝ፣ ደብተሩን አምጣ አለኝ። ዶቶሬውን ብጠይቀው፣ «ስጠው፤ የምንደብቀው የለም» አለ። ሰጠሁት። ደብተሩ በአማርኛ የተጻፈ ስለ ሆነ አስተርጓሚው መሥመር በመሥመር አነበበለት። ያ አስተርጓሚ ከቀትር በኋላ ስለ ሸፈቱ ሰዎች በሚመረምረው ቢሮ ይሠራ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ደብተሩን ስሰጥ ግን ያሰብሁት ስለ ፋሻው ቁጥር ብቻ ነው።

ደብተሩ በአራተኛው ቀን ተመለሰልኝ። ማርሻሎው፣ «ሒሳቡ ልክ ነው» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አያ አደም ቤት ባለቤታቸው ጉንፋን ይዟቸው ላያቸው ገብቼ ነበር። አንዲት ዓሣ የምትሸጥ ሴት ከገበያ እየሮጠች መጣችና የየኔታን ጎጆ ወታደር ከበበው አለች። ሮጥሁ። ስደርስ ወታደሮቹ ሄደዋል። ማገዶው በሩ ላይ ተበትኗል። እማሆይ ደጅ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰዋል።

ይስማውን የያዙት አባቱን በማገላበጥ ላይ ሳለ ነበር። የኔታ ግማሽ እንደ ተነሡ ተለቀው ፊታቸው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፤ ደኅነኛው ክንዳቸው ከሥራቸው ተጣጥፎ ቀርቷል። ትራሱ መሬት ላይ ነው።

«ማነው?» አሉ።

«አላምረው ነኝ፣ የኔታ።»

«ጨርስልኝ።»

አንድ እጄን ከትከሻቸው ሥር፣ አንዱን ከዳሌያቸው ሥር አግብቼ አገላበጥኋቸው። ክንዳቸውን አወጣሁ። ትራሱን አራግፌ በቦታው አደረግሁ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ።

«የሚመጣበትን ቀን እንዴት አወቁት?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ገበያ ላይ የጠቆመ ሰው ይኖራል ብል ያምኑኝ ነበር።

«እኔ ጽፌው ነው፣ የኔታ።»

«ምን ብለህ?»

«ቅዳሜ ልጃቸው ያገላብጣቸዋል ብዬ። ስሙን አልጻፍሁም።»

 በዚያ ከባድ ምላሳቸው፣ «መጻፍ ያስተማርሁህ እኔ ነኝ» አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልሄድ ስነሣ፣ «ከእንግዲህ አትንካኝ» አሉኝ።

ይስማው ሰኞ ከሌሎች ጋር በካሚዮን ተጭኖ ወደ ጎንደር ተወሰደ ተባለ። ሬሳውም ወሬውም አልመጣም።

ወደ ዶቶሬው ገብቼ የሆነውን ነገርሁት። መነጽሩን አወለቀ።

«እኔ ያስጻፍሁህ ለቁስሉ ነው» አለ።

«አውቃለሁ፣ ዶቶሬ። እኔም የጻፍሁት ለቁስሉ ነው።»



ይስማው በተያዘ ማግሥት፣ እሑድ፣ በየቤቱ ስዞር ወሬው ቀድሞኝ በሮች ተዘግተው ጠበቁኝ። አንዱ ቤት ውስጥ ሲያስሉ ይሰማኛል፤ ግን ማንም አይከፍትልኝም። የአንዲት አሮጊት ልጅ በአጥር ላይ፣ «እናቴ ሞታለች» አለችኝ፤ አሮጊቷ ግን ከውስጥ ውሃ ስትጠይቅ ትሰማለች። ከአሥራ አራቱ ቤት የከፈቱልኝ አያ አደም ብቻ ናቸው።

«እኔ ልጅ የለኝም፤ የምታስወስድብኝ የለም። ግባ» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው ያሉት። ግን ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ።

የኔታን እማሆይ ብቻቸውን ማገላበጥ አልቻሉም። እኔ በሩ ድረስ እሄዳለሁ፤ እማሆይ ይወጡና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሽታው ደጅ ድረስ መጣ። ያን ሽታ ቁስል ያጠበ ሰው ያውቀዋል። አጥንት ደርሷል ማለት ነው።

አልጋ ልለምን ሄድሁ። የእኛን ክፍል ስከፍት አልጋ የለም። ስምንቱም ወደ ወታደሮቹ ቤት ተወስደዋል፤ ክፍሉ እስከ ጣራው በሲሚንቶ ከረጢት ተሞልቷል። ማርሻሎው በር ላይ ቆሟል።

«አንድ አልጋ ያስፈልገኛል» አልሁት። «አንድ ሽማግሌ አለ።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። ማርሻሎው ሳይቆጣ መለሰልኝ። «ሽማግሌዎች ቤታቸው ይታከማሉ፤ አልጋ አያስፈልግም ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። በራፖሩ አለ። አለቆቹም ተስማምተዋል።»

ዶቶሬው አጠገቡ ነበር። ወደ ሐይቁ አየ። ጥቂት ቆይቶ ብቻዬን ሲያገኘኝ ከራሱ መሳቢያ ሁለት ጥቅል ፋሻ አውጥቶ ሰጠኝ። በዚያው ወር ለቤት ለቤት ሥራው የሚሰጠው ፋሻም ቆመ። በሽተኛ በደብተር ከሌለ ፋሻ ለምን ይወጣል ተባለ። በሽተኛ በደብተሬ ያልነበረው በሩን ስለ ዘጋብኝ ነው።

ሁለቱን ጥቅል ይዤ ሄድሁ። የኔታ ያን ጊዜ ሰው አያውቁም ነበር። ስለዚህ እማሆይ አስገቡኝ። አጠብኋቸው። ያጠብሁት የሚድን ሆኖ አይደለም። ሦስት ቀን አገላበጥኋቸው፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት ዐረፉ።

በቀብሩ ቃሬዛውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ አንድ ዲያቆን በትከሻው ገፋ አድርጎ ቦታዬን ያዘ።  ከኋላ ተከተልሁ።

በሮቻቸው ከተዘጉብኝ ሽማግሌዎች በዚያ ዓመት ስንቱ እንደ ሞተ አላውቅም። አንዳንዶቹን ሬሳ ሲወጣ አይቻለሁ። ሌሎቹን ማን እንዳገላበጣቸው፣ ከናካቴው ያገላበጣቸው ሰው ይኑር አይኑር፣ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ጣሊያን ሲወጣ ዶቶሬው ከምርኮኞች ጋር ሄደ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ጡረታ እስከ ወጣሁ ድረስ በባሕር ዳር ቁስል አጥቤያለሁ፤ መርፌም ወግቻለሁ። የይስማውን ነገር ለማንም ሳልነግር ኖርሁ። የሚያውቁት ያውቁት ነበር፤ አንዳንዶቹ ቁስላቸውን በእኔ እጅ ከማሳጠብ ሌላ ከተማ ድረስ ይሄዱ ነበር። አልፈረድሁባቸውም።

አሁን ወጣት ነርሶች ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ሽማግሌዎችን ቤታቸው ማከም የሐኪም ቤቱን ወጪ ለመቀነስ ይረዳ እንደ ሆነ ይጠይቁኛል። ይረዳል። በዓይኔ አይቻለሁ። ግን የተነሣ አልጋ ስትፈልጉት አይመለስምና፣ ሥራው ሠምሯል ብላችሁ አልጋ እንዳታስነሡ። በሰው ቤት ገብታችሁ ካያችሁትም ቁስሉን ጻፉ። ማን እንደሚያገላብጠው በቃላችሁ ያዙት።